ውኃው የት ነው ያለው? የደረቅ እርሻ ዘዴዎችን አወዳድሮ መምረጥ

ያለ መስኖ ወይም በጥቂት መስኖ ማምረት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዘር ነው። «ድርቅ የሚችለው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ነው። በአንድ ዓይነት የማሽላ ዘር አንዱ ጎተራውን ሲሞላ ሌላው አገዳ ብቻ ታቅፎ የሚቀረው ዘሩ ስለከዳው አይደለም። ሁለቱ ማሳዎች ውኃ የሚያገኙበት መንገድና የሚያስቀምጡበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ሰብሉ በሚጠማበት ሰዓት ውኃው የት ይሆናል? አስቀድሞ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል? በወቅቱ ከሰማይ ይወርዳል? ወይስ ከጎን ካለው ተዳፋት እየተነዳ ይመጣል? መልሱ ከታወቀ ሌላው ምርጫ፣ ከአስተራረሱ እስከ አዘራሩ፣ እሱን ተከትሎ ይመጣል።

ደረቅ እርሻ ሲባል ሰብልን ያለ ውኃ ማብቀል ማለት አይደለም። የዘነበውን ሳያባክኑ ሰብሉ ጋ ማድረስ ነው። ስሙ በብዛት የሚነሳው በዓመት ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሜትር በሚዘንብባቸው አካባቢዎች ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ 400 ሚሊ ሜትር ማለት ደግሞ በሄክታር 4,000 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ይህ ትንሽ አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ለባቄላና ለመሰሎቹ በአንድ ወቅት ከ300 እስከ 500፣ ለማሽላ ከ450 እስከ 650፣ ለበቆሎ ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል ይላል። ከቁጥሩ ጋር ሲተያይ ዝናቡ ያን ያህል የራቀ አይመስልም። ችግሩ ሌላ ነው፤ በደረቅ አካባቢዎች ከሚዘንበው ውስጥ በሰብሉ ሥር አልፎ በቅጠሉ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከሲሶ ያነሰ ነው። ቀሪውን ፀሐይ ከአፈሩ ገጽ ትመጠዋለች፣ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል፣ አረም ይጠጣዋል። የምናወዳድራቸው ዘዴዎች በሙሉ ከእነዚህ ከሦስቱ ወሳጆች አንዱን ለመከልከል የተዘጋጁ ናቸው።

መጀመሪያ ጉድጓድ ቆፍሩ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ዶማና አካፋ ይዛችሁ ማሳው ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ቢያንስ አንድ ሜትር ቆፍሩ። የተመቸው አንድ ሜትር ተኩል ይዝለቅ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የግማሽ ቀን ድካም የዓመታትን ስሕተት ያስቀራል። በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የምታዩት ሦስት ነገር ነው፦ አፈሩ ምን ያህል ይጠልቃል፣ የድሮ ሰብል ሥር እስከ የት ወርዷል፣ መሐል ላይ ያገደው ነገር አለ ወይ።

ፋኦ እንደሚለው አሸዋማ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለተክል የሚሆን ከ25 እስከ 100 ሚሊ ሜትር፣ አሸዋና ሸክላ የተመጣጠነበት ለስላሳ አፈር ከ100 እስከ 175፣ ሸክላማ አፈር ከ175 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ውኃ ይይዛል። ይህን ወደ ቀን እንለውጠው። በሞቃት ወቅት ጥሩ የቆመ ሰብል በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠጣል እንበል። አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው፣ በሜትር 140 የሚይዝ ለስላሳ አፈር እስኪጠግብ ከዘነበበት 210 ሚሊ ሜትር ያስቀምጣል፤ ያ የ42 ቀን ቀለብ ነው። በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ዐለት የሚነካ፣ በሜትር 60 የሚይዝ አሸዋ ግን የሚያስቀምጠው 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ አምስት ቀን እንኳ በቅጡ አያደርስም። በሁለቱ መሬቶች ላይ እኩል ቢዘንብም ሁለቱ አንድ ዓይነት እርሻ አይሸከሙም። ያለ መስኖ ቲማቲም ያፈሩ ሰዎችን ሥራ አይቶ ሁለተኛው መሬት ላይ የሚሞክር ሰው በጣም ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ስለ አፈሩ ጥልቀት የነገረው ስለሌለ ነው።

ሥሮቹ ከ20 ወይም ከ25 ሳንቲ ሜትር በታች ድንገት ወደ ጎን ታጥፈው ካገኛችኋቸው ማረሻ እየደጋገመ የደቆሰው ጠንካራ ንጣፍ አለ። ከሥሩ ያለው ውኃ ተቆልፎበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ የትኛውም ዘዴ ከመሞከሩ በፊት ንጣፉ መሰበር አለበት፤ አፈሩ ደረቅ ሳለ በጥልቅ ሰንጣቂ ማረሻ ወይም በዶማ፣ ትዕግሥት ላለው ደግሞ እንደ የእርግብ አተር ባለ ጥልቅ ሥር ያለው ሰብል።

ከዘር በፊት እርጥበቱ እስከ የት እንደወረደ ለማወቅ ጫፉ ትንሽ እብጥ ያለ ቀጭን የብረት ዘንግ በቂ ነው። በርጥብ አፈር ውስጥ በእጅ ሲገፋ ይወርዳል፤ ደረቁ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከመሬቱ በላይ የቀረውን ለክቶ ጥልቀቱን ማወቅ ይቻላል። ይህችን ዘንግ ከብዙ ውድ መሣሪያ አስበልጣታለሁ።

ማስቀመጥ፣ እዚያው ማገት ወይስ ከሌላ ማምጣት?

አፈሩ ጥልቅ ሆኖ ዝናቡ ሰብሉ ከሚቆምበት ጊዜ ቀድሞ የሚወርድ ከሆነ ምርጫው ማስቀመጥ ነው። የዚህ ቀላሉ መልክ ዝናቡ ሲያባራ በቅሪት እርጥበት ላይ መዝራት ነው። ሽምብራ፣ ጓያ፣ ምስርና ሱፍ በዚህ ይታወቃሉ። ከባዱ መልክ ደግሞ መሬቱን አንድ ሙሉ ወቅት ሳይዘሩ አሳርፎ የሁለት ዓመት ዝናብ ለአንድ ሰብል ማጠራቀም ነው።

ማሳረፍን በተመለከተ የሚነገረውና እውነታው ይራራቃሉ። በሰሜን አሜሪካ ታላቁ ሜዳ እንደታየው፣ እየታረሰ ባዶውን ያረፈ መሬት ከወረደበት ዝናብ የሚያስቀረው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። አገዳውና ገለባው ሳይነሣ፣ አፈሩ ሳይታረስ አረሙ ብቻ እየተወገደ ያረፈ መሬት ግን ከሲሶ በላይ፣ እስከ 40 በመቶ ሊይዝ ይችላል። በ400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲሰላ የ80 እና የ140 ወይም የ160 ልዩነት ነው። ለ80 ሚሊ ሜትር ብሎ የአንድ ዓመት ምርት መተው አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም፤ ለ150 ግን፣ አፈሩ ጥልቅና ዝናቡ በጣም ዝቅተኛ ከሆነ፣ ሰብል በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ዝናቡ ከዚያ ሻል ካለና አፈሩ ከአንድ ሜትር ካነሰ እኔ አላሳርፍም፤ አፈሩ ከጠገበ በኋላ የሚወርደው ትርፍ የትም አይቀመጥምና።

ባዶ መሬትን በደቃቁ ማረስ እርጥበት ያስቀራል የሚለው ሐሳብ ረጅም ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ አሜሪካዊው ሃርዲ ዌብስተር ካምቤል ከታች ያለውን አፈር መጠቅጠቅና የላዩን እንደ ዱቄት አልሞ ማላላት ለደረቅ አገር መፍትሔ ነው ብሎ አስተማረ። ብዙዎች ተከተሉት። ከላይ ያለው ልል አፈር ከታች የሚሳበውን እርጥበት ይቆርጣል የሚለው አነጋገር እውነትነት አለው። ሆኖም እንዲያ የላመና የተራቆተ ሰፊ ሜዳ በ1930ዎቹ (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድርቅ ሲመታው ነፋስ እያነሣ አፈሩን እንደ ደመና ነዳው። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 የተነሣው አውሎ ነፋስ ቀኑን ስላጨለመው «ጥቁር እሑድ» ተብሎ ቀረ። በዚያው ወር ነው አሜሪካ በሂው ሃሞንድ ቤኔት የሚመራ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሕግ ያቋቋመችው። ከዚህ የምወስደው ልዩነት ይህ ነው፦ ነፋስ በተከለለበት ትንሽ የአትክልት ቦታ ላይ ላዩን መኮትኮት ጥሩ ዘዴ ነው፤ በተለይ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ መረሬ አፈር ላይ ስንጥቁን ስለሚዘጋ ከጉዝጓዝ (መሬቱን በገለባ ከመሸፈን) ይሻላል እላለሁ። ገላጣ በሆነ ሰፊ ማሳ ግን መሬቱን አታራቁቱት።

ጉዝጓዝም ቢሆን ሁሉ ቦታ አያሸንፍም። ዝናቡ በአንድ ጊዜ ብዙ የሚወርድ ከሆነ ገለባው የጠብታውን ምት ይቀበላል፣ አፈሩ አይደፈንም፣ ውኃው ይሰርጋል። በየቀኑ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ብቻ የምታካፋ ሰማይ ሥር ግን ገለባው ራሱ ጠጥቶት መልሶ ለፀሐይ ይሰጠዋል። እንዲሁም ተረፈ ምርቱ ለከብት የሚፈለግ ከሆነ ማሳው ላይ መተው ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ከማንሣት ሲሶውን እንኳ መተው ይጠቅማል።

ዝናቡና ሰብሉ በአንድ ወቅት የሚገናኙ፣ ነገር ግን ዝናቡ በኃይል ወርዶ በጎርፍ የሚሄድ ከሆነ ዘዴው በወረደበት ቦታ ላይ ማገት ነው። እዚህ ላይ ዋናዎቹ ተፎካካሪዎች ሦስት ናቸው፦ በየመሐሉ የታገደ ቦይ፣ የመትከያ ጉድጓድ እና የድንጋይ ክትር።

የታገደ ቦይ የሚሠራው የመሬቱን እኩል ከፍታ ተከትሎ ጉብ ጉብ ያለ መደብ በማውጣትና በመደቦቹ መካከል ያለውን ቦይ በየአንድ እስከ ሦስት ሜትሩ በአፈር በመዝጋት ነው። ማሳው የትናንሽ ገንዳዎች ረድፍ ይሆናል። በሬ ወይም ትራክተር ላለውና ቁልቁለቱ ለዘብ ላለ ማሳ ፈጣኑ ይሄ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱባት ነገር አለች፦ ማገጃው ከመደቡ ዝቅ ማለት አለበት። ከበዛ ውኃው ቦዩን ይዞ ይሂድ እንጂ መደቡን ጥሶ ቁልቁል አይውረድ፤ አንዱ መደብ ከተጣሰ የታችኞቹ ተከታትለው ይሄዳሉ። ውኃ ቶሎ በማያሰርግ መረሬ ላይ ዝናቡ የበዛ ዓመት ሰብሉን ሊያፍነው ስለሚችል ማገጃዎቹን ለመክፈት ዝግጁ መሆን ያስፈልጋል።

የመትከያ ጉድጓድ ደግሞ ላዩ ደርቆ እንደ ሸክላ ለተደፈነ፣ ውኃ ለማያስገባና «ሞቷል» ለተባለ መሬት ነው። በቡርኪና ፋሶ ሰሜን፣ በያቴንጋ፣ «ዛይ» ይሉታል። ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በበጋ ተቆፍሮ አንድ ሁለት እፍኝ ፍግ ይጨመርበታል። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፤ ምስጡ ወደ ታች ሲፈለፍል ውኃው የሚገባበትን መንገድ ይከፍታል። ዘዴው የአካባቢው የቆየ ዕውቀት ሲሆን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጉድጓዱን አስፍቶና አጥልቆ፣ ፍግ ጨምሮ እንደገና ያስፋፋው ያኩባ ሳዋዶጎ የሚባል ገበሬ ነበር። ሌሎች የተዉትን መሬት ወደ ማሳና ወደ ደን መለሰው፤ በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ፣ በ2023 አረፈ። ነገሩ ጉልበት ይፈልጋል። በሄክታር ከ12,000 እስከ 25,000 ጉድጓድ፣ ከ300 ሰዓት በላይ የሰው ሥራ ማለት ነው። በአንጻሩ ከዶማ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም፣ ሥራውም ሌላ ሥራ በሌለበት በበጋ ይሠራል። ጥልቅ አሸዋ ላይ ግን አትድከሙ፤ ጉድጓዱ ይደረመሳል፣ ወደሱ የሚፈስ ውኃም የለም።

የድንጋይ ክትር ከሁለቱም ይለያል፤ ውኃውን አያቆምም፣ ያዘገየዋል። ድንጋይ በቅርብ ካለ ከማንኛቸውም ጋር ተደርቦ ይሠራል። መስመሩ በእኩል ከፍታ ላይ መቀመጡ ግዴታ ነው፤ ለዚህም ውኃ የተሞላች ቀጭን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ትበቃለች። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ የውኃው ልክ የሚገናኝበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል። ያቴንጋ ላይም በዚህችው ቱቦ ነው የሠሩት።

የማሳው ዝናብ ብቻውን ሰብል የማያደርስ ከሆነ የሚቀረው ከጎን ማምጣት ነው። ጫፎቿ ወደ ዳገቱ የዞሩ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች የአፈር ክትር፣ ከ2 እስከ 6 ሜትር ስፋት ኖሯት፣ ከላይዋ ካለው ባዶ መሬት የሚወርደውን ውኃ ትሰበስባለች። ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሰብሉ 450 ሚሊ ሜትር ቢፈልግና 300 ብቻ ቢዘንብ 150 ይጎድላል። ከላይ ካለው መሬት ሰብሉ ጋ የሚደርሰው ከዝናቡ ሩቡ ከሆነ በካሬ ሜትር 75 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ካሬ ሜትር ሰብል ሁለት ካሬ ሜትር መሰብሰቢያ መተው ያስፈልጋል። በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ፣ ዓመታዊ ዝናቡ 100 ሚሊ ሜትር በማይደርስበት በአቭዳት፣ ናባታውያን የተባሉ የጥንት ሕዝቦች ያረሱባቸውን ማሳዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ የዕፅዋት ተመራማሪው ማይክል ኤቨናሪና ባልደረቦቹ እንደገና ሠርተው ሲያለሟቸው ለአንድ እጅ ማሳ ከ20 እስከ 30 እጅ የሚሆን መሰብሰቢያ ተዳፋት እንደነበረው አሳይተዋል። እንግዲህ ይህ ዘዴ መሬት ለሰፋው እንጂ መሬት ለጠበበው አይሆንም። ማፍሰሻ ማበጀትንም አትርሱ፤ ለክፉ ዓመት የተለካ ክትር በደግ ዓመት ሞልቶ ይሰበራል።

ድርቁ የሚመጣው መቼ ነው?

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ። «ድርቅ የሚችል» የሚባል አንድ ባሕርይ የለም። ዝናቡ ቀድሞ የሚያቆምበት አካባቢ አለ፤ ጀምሮ መሐል ላይ ለሁለት ለሦስት ሳምንት የሚጠፋበት አለ። ለሁለቱ የሚመረጠው ሰብል የተለያየ ነው።

ቀድሞ የሚያቆም ከሆነ ማምለጥ ነው የሚሻለው። በ60 እስከ 75 ቀን የሚደርሱ ማሾና ፈጣን የካውፒ (የአተር ወገን የሆነ ጥራጥሬ) ዝርያዎች ድርቁ ሳይደርስባቸው ፍሬ ይይዛሉ። መሐል ላይ ለሚጠፋ ዝናብ ግን ፈጣን ዝርያ አደገኛ ነው፤ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ የተጎዳውን የሚተካበት ፋታ የለውም። እዚህ ማሽላ ይበልጣል። ሲጠማው ቅጠሉን ጠቅልሎ ዕድገቱን ያቆማል፤ ዝናቡ ሲመለስ ይቀጥላል። በቆሎ እንዲህ አይደለም። ፀጉር በሚያወጣባቸው ሁለት ሳምንታት ገደማ ከተጠማ የአበባው ዱቄትና ፀጉሩ ሳይገናኙ ይቀራሉ፣ በኋላ ቢዘንብም አገዳው ባዶ ይቆማል። ዝናቡ እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ በቆሎን ዋና ሰብል አላደርግም፤ ጥቂት መደብ ላይ ለእሸት ከሆነ ግን ማን ይከለክላል።

ማሽላን ከፐርል ሚሌት (ደቃቅ ፍሬ ካለው የቆላ እህል) ጋር ለምታወዳድሩ፣ መለያው አፈሩ ነው። ከበድ ያለ፣ ሸክላነት ያለው መሬት ለማሽላ፤ አሸዋማ፣ ሞቃትና ለምነቱ የሳሳ መሬት ለፐርል ሚሌት። መሬቱ የደከመበት ማሳ ላይ ማሽላ አቀንጭራ እንደሚበዛበትም አስቡ።

ውኃው አፈር ውስጥ አስቀድሞ ለተቀመጠበት ማሳ የሚያስፈልገው ፈጣን ሳይሆን ጠላቂ ነው። ሱፍ ሥሩን ከሁለት ሜትር በታች ሊሰድ ይችላል፤ ሽምብራም ከላይ ያለው አፈር ደርቆ ሳለ ከታች እየሳበ ያፈራል። ከአትክልት ቲማቲም፣ ዱባና ሀብሀብ ይሆናሉ። ሽንኩርት፣ ሰላጣና ጎመን ግን ሥራቸው ላይ ላዩን ስለሆነ ያለ መስኖ አይሞከሩም። በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ያለ መስኖ የሚያደርሱት ቲማቲም ፍሬው አነስ ብሎ ጣዕሙ የጠነከረ ነው፤ ምርቱ ግን በመስኖ ከሚገኘው ያንሳል። ከባሕር የሚመጣው ቅዝቃዜና ጉም የሚረዳቸው መሆኑ መረሳት የለበትም። ሞቃትና ነፋሻ ቦታ ላይ ያው ዘር ያንኑ ላይሰጥ ይችላል። በውኃ ጥም ጊዜ የቲማቲሙ ፍሬ ታችኛው ጫፍ እየጠቆረ ይበሰብሳል፤ በሽታ አይደለም፣ ካልሲየሙ ከውኃው ጋር ስላልደረሰለት ነው። ዝርያዎቹ በዚህ በጣም ስለሚለያዩ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት አራት ዓይነት ጎን ለጎን ተክሎ ማየት ይሻላል።

ዓመቱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ስለማይታወቅ እኔ ብሆን ማሳውን እከፍለዋለሁ፤ ሰፊውን እጅ ለመካከለኛው፣ ቀሪውን ለፈጣኑ ዝርያ። ፈጣኑ በደግ ዓመት ምርቱ ዝቅ ይላል፣ በክፉ ዓመት ግን ዘር ያተርፋል።

አራርቆ ወይስ አቀራርቦ?

ሰው ልቡ የማይፈቅድለት ምርጫ ይሄ ነው። ቡቃያን ለማራራቅ መንቀል ያማል። ነገር ግን በተቀመጠ ውኃ ላይ የቆመ ሰብል ተጠጋግቶ ከተዘራ ገና በለጋነቱ ያምራል፣ ቅጠሉ ይበዛል፣ ሊያብብ ሲል ማድጋው፣ ማለትም አፈሩ፣ ባዶ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ማሳ ከመስኖው ልማድ እስከ ግማሽ ድረስ ቀንሶ መትከል ተገቢ ነው፤ ቲማቲም ከሆነ በተክሎቹ መካከል አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ። ሌላው መንገድ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ በማሽላ የሚሠራበት ነው፤ በመስመሩ ውስጥ እንደተለመደው ይዘሩና በየመሐሉ አንድ ወይም ሁለት መስመር ባዶ ይተዋሉ። ሥሩ ወደ ባዶው ቦታ ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድበት እዚያ ያለው ውኃ ለፍሬው ጊዜ ይቆያል። በኔ ግምት ሁሉንም ቦታ እኩል ከማራራቅ ይሄኛው ይሻላል፣ ግን ባዶው መስመር ላይ አረም ከተተወ ጨርሶ ከንቱ ነው።

ዝናቡ በወቅቱ እየተደጋገመ ለሚወርድበት ማሳ ይህ አይሠራም። እዚያ ባዶ መሬት ማለት ለፀሐይ የተተወ ውኃ ነው። ማሽላን ከካውፒ ወይም ከእርግብ አተር ጋር አሰባጥሮ መዝራት መሬቱን ይሸፍናል፤ የእርግብ አተሩ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ማሽላው ከታጨደ በኋላ በቅሪቱ ይኖራል። ያንኑ ማሰባጠር በተቀመጠ ውኃ ላይ ማድረግ ግን በአንድ ማድጋ ሁለት ጠጪ መጨመር ነው።

የዘር ጊዜውም እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል። ዝናቡ ሳይጀምር በደረቁ የሚዘራ የመጀመሪያዋን ጠብታ ያገኛል፤ የውሸት ጅምር ከሆነ ግን በቅሎ ይደርቃል፣ ዘሩም ይጠፋል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪወርድ የሚጠብቅ ጥቂት ቀናት ያጣል፣ ዘሩን ግን ያተርፋል። ትርፍ ዘር ላለው የመጀመሪያው፣ ለሌለው ሁለተኛው። ዘሩን ሌሊቱን ነክሮ ላዩን አድርቆ መዝራት ብቅለቱን ያፋጥናል፤ በደረቅ አፈር ግን የነከራችሁትን አትዝሩ።

ስለ ማዳበሪያ ባጭሩ፦ ብዙ ናይትሮጅን በመጀመሪያ መስጠት ቅጠል ያበዛና ውኃውን ያስጨርሳል። ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢ ሰብሎች ምርምር ተቋም፣ ኢክሪሳት፣ ያስፋፋው መንገድ በጠርሙስ ክዳን ወይም በሦስት ጣት ቆንጥሮ እየለኩ ከዘሩ ጎን ጉድጓዱ ላይ ብቻ ማድረግ ነው። ፍግ ላለው የመትከያ ጉድጓድ ከዚህ የሚስማማ የለም።

ጥቂት ውኃ ላላችሁ

ኩሬ ወይም ታንከር ያለው ሰው ውኃውን ወቅቱን ሙሉ በየጥቂቱ ማከፋፈል ይወዳል። ይህ ከሁሉ የከፋው አጠቃቀም ነው፤ ላዩን ብቻ የረጠበ አፈር ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፣ ቀሪውንም ፀሐይ ትወስደዋለች። 50 ሜትር ኩብ የምትይዝ ኩሬ በ1,000 ካሬ ሜትር ላይ አንድ ጊዜ 50 ሚሊ ሜትር ታጠጣለች። ያን ለእህል ከሆነ ማበቢያው ወይም ፍሬው መሙያ ላይ በአንዴ ስጡት። ተነቅሎ ለሚተከል አትክልት ከሆነ በተተከለበት ቀን፣ ጥልቅ አድርጋችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሥሩ ውኃውን ፍለጋ ይውረድ። ወይንና ወይራን የመሰሉ ቋሚ ተክሎች ደግሞ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ከተደገፉ በኋላ ራሳቸውን ይችላሉ። በስፔን ላንዛሮቴ ደሴት፣ ከ1730 እስከ 1736 የፈነዳው እሳተ ገሞራ አመድ ከሸፈነው መሬት ላይ፣ በዓመት 150 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት፣ ወይኑን አመዱን ሰርጉደው አንድ አንድ ግንድ እየለዩ ይተክሉታል። አመዱ እንደ ጉዝጓዝ ከሥሩ ያለውን አፈር ይሸፍንለታል።

አፈራችሁ ከግማሽ ሜትር ያነሰና አሸዋማ ከሆነ፣ ከጎኑም ውኃ የሚልክ ተዳፋት ከሌለው፣ እህልና አትክልት በደረቁ ለማምረት አትወስኑ። ለግጦሽ ወይም ለዛፍ ይሻለዋል።

ለሌላው ግን ሩቡ ማሳ ላይ ጀምሩ። ዝናብ መለኪያ አቁሙና በየቀኑ ጻፉ። ምርቱ ሲነሣ ዶማውን ይዛችሁ ተመለሱና ከደረቀው ተክል ሥር እንደገና ቆፍሩ። ፍሬው ጫጭቶ አፈሩ እስከ ታች ደርቆ ካገኛችሁት አቀራርባችሁ ዘርታችኋል፣ ወይም ከአፈራችሁ በላይ የሚጠጣ ሰብል መርጣችኋል። ፍሬው ጫጭቶ ከ70 ሳንቲ ሜትር በታች እርጥበት ካለ ሥሩ አልደረሰበትም፤ ንጣፉን ፈልጉ። ፍሬው ሞልቶ እርጥበትም ከተረፈ በሚቀጥለው ዓመት አንድ መስመር ጨምሩ።